የቪቶሚር መቀርቀሪያ

ባሌ ቪቶሚር ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ አርፎ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የፖስታ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰውዬ፣ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ተጥዶ ሞተር ማዞር ይማራል። ትልቅ ሞተር እንዳይመስላችሁ፤ ጡጫ የማትሞላ፣ አራት ሽቦ የተንዘላዘለባት ነገር ናት። እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብላ አትሽከረከርም። እርምጃ እርምጃ እያለች፣ እየተቆጠረላት ነው የምትሄደው። የምትቆጥርላት የመጫወቻ ካርታ የምታህል ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ በሁለቱ መሀል ደግሞ ለሞተሯ ጉልበት የምትሰጥ ቀይ ሰሌዳ አለች። ይህን ሁሉ የማውቀው ፈልጌ አይደለም። ሰውዬው እራት ላይ ሌላ ወሬ የለውም።

በነዚህ ነገሮች ለምድር ቤቱ በር መቀርቀሪያ ሠራ። የኛ ምድር ቤት ከመኖሪያው ተለይቶ ከግቢው ጥግ፣ ጉብታው ውስጥ የተቆፈረ ነው። ወይኑም፣ ድንቹም፣ በጨው የዘፈዘፍነው ጎመንም እዚያ ነው ያለው። አምና ክረምት በሩ ክፍት አድሮ ድንቹን በሙሉ በረዶ መታው። ክፍት የተውሽው አንቺ ነሽ አለኝ፤ አንተ ነህ አልኩት፤ እስከ ፋሲካ ተነታረክን። እሱ እቴ፣ በክርክር እንደማይረታኝ ሲያውቅ ማሽን አመጣብኝ። በሩ ሲገጥም ሞተሯ ራሷ የብረት መቀርቀሪያውን ወደ ግድግዳው ትሰደዋለች። አረንጓዴውን ሲጫኑ ትከፍታለች፣ ቀዩን ሲጫኑ ትዘጋለች። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏት ነበር፤ መቀርቀሪያው የት እንደደረሰ ነክቶ የሚነግራት ትንሽ ማብሪያ። ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። ከበዓሉ በኋላ አስገባዋለሁ አለ።

በዓሉ ቅዱስ ኒኮላ ነው፣ የቤታችን ስላቫ፣ ማለት ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የቤቱ ጠባቂ ቅዱስ ቀን። ለስላቫ ሰው አይጠራም፤ የሚመጣ ይመጣል። በር አይቆለፍም። የቤቱ ጌታም የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ድረስ ወንበር አይነካም፣ ቆሞ ነው የሚያስተናግደው። ቪቶሚርና ታላቅ ወንድሙ ራዶሳቭ የተጣሉት በዚሁ ነው። አማቴ እንደሞቱ ራዶሳቭ፣ ታላቁ እኔ ነኝ፣ ሻማውን የማበራው እኔ ነኝ አለ። ባሌ ደግሞ አባታችንን ያስታመምኩት እኔ፣ ቤቱን ይዤ የቀረሁት እኔ፤ አንተ ከተማ ገብተህ ፎቅ ላይ የተንጠለጠልክ ሰው፣ ሻማህን ደረጃህ ላይ አብራ አለው። በሰው ፊት ነው ያለው። ራዶሳቭ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም።

ዘንድሮ በዋዜማው ልጁ ኔቬና ደወለችልኝ። ከአዲስ ዓመት በኋላ አባቷን ወደ ኦስትሪያ ይዛው ልትሄድ ነው፤ እግሩም ደክሟል፣ ከሄደ የሚመለስ አይመስላትም።

«አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አክስቴ» አለችኝ። «በሩ ላይ ሰው ካጣ ግን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ለቀብርም አትጠብቁት፤ ታውቂው የለ እልሁን።»

ለቪቶሚር ነገርኩት። ምን አገባኝ አለ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሁለት ጊዜ ተላጨ፣ ለሠርጋችን ያሰፋውን ሰደርያ ከቁም ሳጥን አወጣ፣ አልቆለፍለት ሲል ደግሞ እኔን ተቆጣኝ። ሆዴ ውስጥ ሳቅኩ። እንኳን ደስ ያለሽ ስታኒያ፣ ዛሬ ይታረቃሉ አልኩ ለራሴ።

ቄሱ መጥተው ዳቦው ተቆርሷል፣ ሻማው ጠረጴዛው ላይ በርቷል፣ ዓሣው ምድጃ ውስጥ ነው። እንግዳ ገና መምጣት አልጀመረም። የቀረኝ ጎመን ብቻ ነበር። በርሜሉ ላይ የተጫነውን ድንጋይ ብቻዬን ስለማላነሳው ቪቶሚርን ይዤው ወረድኩ። ኮሻቫ የሚሉት የኛ ክፉ ነፋስ እያፏጨ ነበርና ገና ከመግባታችን በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋብን። መቀርቀሪያው ዝዝዝ ብሎ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ቪቶሚር በኩራት አየኝ። እኔም አላየሁም ለማለት ወደ በርሜሉ ዞርኩ።

ድንጋዩን አንስተን፣ ጎመኑን ሳህን ላይ አድርጌ፣ በያዝኳት ትንሽ ቢላዋ ሥሩን እየቆረጥኩ ሳለ አምፖሉ ጠፋ። ወዲያው መልሶ በራ። የመንደሩ ግማሽ ኒኮላን ነው የሚያከብረው፤ ሁሉም ምድጃውን በአንድ ሰዓት ሲለኩስ መብራቱ በየዓመቱ እንዲህ ይላል። ማን ልብ ይለዋል።

ልንወጣ አረንጓዴውን ተጫነ። ዝም። ደግሞ ተጫነ። ዝም። ሦስተኛ ሲጫን ፊቱ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ምን ሆነች ስለው፣ ረስታለች አለኝ። ሞተሯ የት እንደቆመች አይኗ አያይም፤ የምታውቀው የቆጠረችውን ብቻ ነው። መብራቱ ሲቋረጥ ቆጠራው ይጠፋባታል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ነው የምትጀምረው፤ በሩ ክፍት ነው ብላ። አሁን ክፈቺ ሲላት፣ ክፍት ነኝ እኮ ብላ ነው ዝም ያለችው። ያቺ መሳቢያ ውስጥ ያለችው ማብሪያ ብትኖር ኖሮ ትነግራት ነበር።

«ከበዓሉ በኋላ» አልኩት።

ግድ የለም፣ አሞኛታለሁ አለ። ቀዩን እጫንላታለሁ፣ ዘጋሁ ብላ ታምናለች፤ ከዚያ አረንጓዴውን ስጫን ወደ ኋላ ትመለሳለች። አነጋገሩ ደስ ይላል። ቀዩን ተጫነ። ሞተሯ ጫፍ የደረሰውን ብረት ጭራሽ ትገፋው ጀመር። አጓራች፣ ተንገጫገጨች፣ መቀርቀሪያው ግድግዳው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ቅርቅር አለ። አረንጓዴውን ሲጫን ተንቀጠቀጠች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ጉልበት አነሳት። ከሶኬቱ ነቅሎ መቀርቀሪያውን የሚነዳውን ረጅም ብሎን በጣቱ ሊያዞር ታገለ፤ ቆዳው ተላጠ እንጂ ብሎኑ አልዞረም፤ ሶኬቱን መልሶ ሰካ።

ያኔ ነው ፍርሃት የያዘኝ። ስልካችን ሁለቱም ቤት ነው። በሩ ወፍራም ብረት ነው። ብርዱ ከድንጋዩ ወለል እየወጣ በጫማዬ ይገባል። የድንች ሣጥን ላይ ወጥቼ በአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ጮኽኩ። ጎረቤታችን ሚለንቲየ የአኮርዲዮን ሙዚቃውን በድምፅ ማጉያ ለቆታል፤ ነፋሱም ከአጥር በር በኩል ወደኛ ነው የሚነፍሰው፤ ጩኸቴን መልሶ አፌ ውስጥ ከተተው። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተጣራሁ፤ ውሻ እንኳን አልዞረም። በዚያች ቀዳዳ የሚታየው የአጥሩ በርና የቤታችን ደጃፍ ነው። ቆሜ ከማየት በቀር ምን አማራጭ አለኝ።

ራዶሳቭ መጣ።

አጥሩ በር ላይ ሳየው ልቤ ስንጥቅ አለ። አርጅቷል። አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ጠርሙስ በብብቱ ይዞ፣ ያንኑ የድሮ ኮፍያ አድርጎ። በቀዳዳዋ አጠገብ ሲያልፍ ትንፋሹ ሁሉ የሚሰማኝ መሰለኝ። ከዚህ ቦታ ብጠራው በእርግጥ ይሰማኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

ቪቶሚር ከኋላዬ ሣጥኑ ላይ ወጥቶ አፌን በመዳፉ ከደነው።

«በእናትሽ ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «እንዲህ ሆኜ አያየኝም።»

ነከስኩት። አዎ፣ ደም እስኪወጣው ነከስኩት፣ አይቆጨኝም። እጁን ሲያነሳ ግን ራዶሳቭ አልፎ ደጃፉ ደርሷል። ጠራሁት፣ ነፋሱ በላብኝ።

ሲያንኳኳ አየሁት። ለነፋሱ ብለን በሩን ገጠም አድርገነዋል እንጂ አልቆለፍነውም፤ እሱ ግን እንዴት ይወቅ። ጠበቀ። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፣ እንደገና አንኳኳ። መላጣው ላይ የቀረችውን ፀጉር ነፋሱ ያነሳት ነበር። ልጅ ሆኖ የሮጠበት ደጃፍ ላይ እንደ ባዳ ቆሟል፣ እኛ ደግሞ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሆነን እናየዋለን። እንባዬ መጣ። ከዚያ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ዞረ። ወደ አጥሩ በር ይመለስ ጀመር።

«ሄደ» አልኩት ለቪቶሚር። «ደስ ይበልህ። ሄደልህ።»

ቪቶሚር ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። እኔ ዓይኔን ከቀዳዳዋ አልነቀልኩም። ራዶሳቭ በመስኮታችን በኩል ሲያልፍ ቆም አለ። ወደ ውስጥ አየ። ደግሞ ጠጋ ብሎ አየ። ምን እንዳየ እንጃ፣ ብቻ በዚያ በደከመ እግሩ እየተጣደፈ ተመለሰና በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ባዶ ቤት አይቶ፣ ንቀው ጥለውኝ ሄዱ ብሎ፣ ይወጣል። አልወጣም። ሚለንቲየና ሚስቱ መጡ፣ ገቡ። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች መጡ፣ ገቡ። ማንም አልወጣም። እኔም አንድ በአንድ ስጮህባቸው ማንም ቀና አላለም። ቤቴ ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ እኔ ከድንች ጋር ቆሜያለሁ።

ከሣጥኑ ወርጄ የልቤን ነገርኩት። አንተ ማነህ አልኩት፣ ለመሆኑ ምን የሚያህል ኩራት ነው ወንድምህን በደጅህ የሚያስመልስህ። ቪቶሚር ቀና ብሎ አላየኝም። ገና ልጅ ሳሉ ጀምሮ፣ ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም ሲያቅተው ጀምሮ፣ ራዶሳቭ «ኢንጂነሩ» እያለ ይስቅበት ነበር አለኝ። ዛሬ ደግሞ በገዛ ማሽኑ ተቆልፎ እንደ አይጥ ሲያገኘኝ ታየኝ አለ።

«ይሳቃ» አልኩት። «ኦስትሪያ ከገባ ማን ይስቅብሃል?»

ይህቺ ነገር የት እንደነካችው አላውቅም። ብድግ አለና ወደ ሞተሯ ሄደ፣ ሽቦዎቿን በጭብጡ ጨበጠ፤ ሊበጣጥሳት ነው። ዘልዬ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። በጋ ላይ አንዷን ቀይ ሰሌዳ መብራት ሳይነቅል ሽቦ ሲመዝባት ጢስ አውጥታ ሞታበታለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ስሟን እየጠራ ሲረግም የሰማሁት እኔ ነኝ። ይህቺ ከሞተች ስንት ቀን እዚህ እንደምንቀመጥ እግዜር ይወቅ። ተው ቪቶ አልኩት፣ ተው እስቲ ቁጭ በልና አስብ። ቁጭ አለ። አሰበ። መዳፉ ላይ የነከስኩትን ቦታ እየመጠጠ አሰበ።

ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ። ሞተሯ መመለስ ያልቻለችው ጉልበት ስላነሳት ነው። ጉልበቷን ቀይዋ ሰሌዳ ላይ ያለች የሽንብራ ግማሽ የማታህል ብሎን ታስተካክላለች፤ እሱ ሰሌዳዋ እንዳትግል ብሎ ዝቅ አድርጓት ነበር። ከፍ ብናደርጋት ትከፍት ይሆናል። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ስለው፣ ችግር አለ አለ። አረንጓዴው እንዲሠራ ሞተሯ ዘግቻለሁ ብላ ማመን አለባት። ለማመን ደግሞ ቀዩን ተጭነን እንደገና ማስገፋት አለብን። ለመክፈት መጀመሪያ መዝጋት አለብን። ጉልበቷን አስቀድመን ከጨመርን በዚያው ጉልበት ብረቱን ለዘለዓለም ትቀረቅረዋለች። ስለዚህ በትንሹ ጉልበት ማዘጋት፣ ከዚያ መብራቱ ሳይነቀል ብሎኗን ማዞር፣ ከዚያ ማስከፈት። መብራቱ ከተነቀለ ትረሳለች። ብረት ይዘን ስናዞር እጃችን ካዳለጠ ደግሞ ሰሌዳዋ ትቃጠላለች። ከዚህ በላይ ያለኝ ሌላ ሐሳብ የለም አለ።

መነጽሩ ቤት ነው። ብሎኗን አያያትም። እኔ አያታለሁ፣ ቢላዋውም በእጄ ነው።

ቀዩን ተጫነ። ሞተሯ አጓርታ ገፋች፣ ብረቱ ሲጨብጥ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። «አሁን» አለኝ። የቢላዋዋን ጫፍ ብሎኗ ላይ አደረግኩ። እጄ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ በሌላው እጄ ያዝኩት፣ እሱም ይንቀጠቀጣል። ቪቶሚር መጥቶ ሁለቱንም እጆቼን ከታች በመዳፎቹ ደገፋቸው። ትንሽ አዙሪ አለኝ፣ ትንሽ። አዞርኩ። ሌላ ትንሽ። የቢላዋው ጫፍ ከብሎኗ ልትወጣ ስትል ትንፋሼን ዋጥኩ። ጌታዬ፣ ስለ ኒኮላ ብለህ አልኩ። አዞርኩ። «በቃ» አለኝ።

እሱ ለበሩ ትከሻውን ሰጥቶ ወደ ውጭ ገፋው፣ ብረቱ ትንሽ እንዲላላ። እኔ አረንጓዴውን ተጫንኩ።

ተንቀጠቀጠች። ቀይዋ ሰሌዳ የተቃጠለ ሽታ መሽተት ጀመረች። ግፋ እንጂ አንተ ሽማግሌ አልኩት፣ ራሴም ቢላዋዬን ጥዬ ትከሻዬን ከትከሻው አጠገብ ሰጠሁ። ብረቱ ጠቅ አለ። ከዚያ ያ ስንት ጊዜ ያበሳጨኝ ዝዝዝ መጣ፣ ረጅም፣ እስከ ጫፉ፤ በሩ ተከፍቶ ሁለታችንም በጉልበታችን ደጅ ላይ ወደቅን።

የጎመኑን ሳህን አንስቼ ለቪቶሚር አስያዝኩት፤ ባዶ እጁን ከሚገባ ይሻላል። በሩን ወለል አድርጌ ክፍት ትቼው ሄድኩ። ድንቹ ከፈለገ ይብረደው።

ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ የሰው ድምፅ ይሰማል። ቪቶሚር አልገባም ብሎ ቆመ። በወገቡ ገፍቼ አስገባሁት።

እንግዶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፣ በየፊታቸው ዓሣና ዳቦ አለ። ራዶሳቭ ብቻ ቆሟል። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ በአንድ እጁ የበዓሉን ጣፋጭ የስንዴ ንፍሮ ሳህን በሌላው የራኪያ አረቄ ጠርሙስ ይዞ፣ በዚያ በደከመ እግሩ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። አማቴ እንደዚያ ነበር የሚዞሩት። ሻማው ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ ሥሩ አዲስ ሰም ፈሶበታል፣ የጠረጴዛው ልብስ ጫፍ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ጥቁር ጠባሳ አለች።

ራዶሳቭ እኛን ሲያይ ደነገጠ። የማይገባውን ሲነካ የተያዘ ሰው ይመስላል። የወንድሙ ሰደርያ ጭቃ፣ ጉልበታችን ጭቃ፣ የወንድሙ እጅ ደም ነው። አልሳቀም።

«ልሄድ ነበር» አለ። «በመስኮት ሳይ ሻማው ተንጋዶ ጨርቁን እሳት ይዞታል። የአባባ ሻማ ነው፣ እንዴት ትቼው ልሂድ። ከዚያ ሰው መጣ፣ የሚቀበል የለም። ምን ላድርግ? በል፣ ቤትህን ተረከብ።»

ጠርሙሱን ዘረጋለት። ሚለንቲየ እንኳን ማኘኩን ተወ። ሁሉም የሚያውቁት ጠብ ነው፣ ሻማህን ደረጃህ ላይ አብራ ሲለው ግማሾቹ እዚሁ ነበሩ።

ቪቶሚር ጠርሙሱን አየው። ጎመኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ከግድግዳው ሥር ባዶ ወንበር ስቦ፣ ጭቃ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ከእንግዶቹ መሀል ቁጭ አለ። በስላቫው ቀን፣ በገዛ ቤቱ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቁጭ አለ። የሚለንቲየ ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ቅዳልኝ፣ ጋሼ» አለው። «በርዶኛል።»

ራዶሳቭ ጠርሙሱን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ከዚያ እግሩን እየጎተተ ወደ ወንድሙ ሄደ፣ ከጠረጴዛው ብርጭቆ አነሳና ግማሹን ውጭ እያፈሰሰ ቀዳለት።